ከትርጉሙ ያልወጣችው ገጽ

የተያዝኩት ካዛንቺስ ታክሲ ስጠብቅ ነው። አንደኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። ግቢያችን ውስጥ ረብሻ ተነስቶ ስለነበር የተማሪ መታወቂያዬን ማየታቸው በቂ ሆነ። ያስገቡኝ የጣቢያው ክፍል እርጥብ ብርድ ልብስና ሽንት ይሸታል። አዲስ ገቢ ከሽንት ባልዲው አጠገብ ይተኛል፤ ደንቡ ነው።

ከእኔ በፊት የገቡት ሽማግሌ ጎኔ ነበሩ። የብርድ ልብሳቸውን ግማሽ ሰጡኝ። የጥንት ግሪክ ፈላስፎችን ወደ አማርኛ ሲመልሱ ዕድሜያቸውን የፈጁ መምህር ናቸው። በአንድ አዳራሽ ከትርጉማቸው ስለ ክፉ ገዥ የሚናገር ገጽ አንብበው ታሰሩ፤ ረቂቁም ተወሰደባቸው። ክፍሉ ውስጥ ግን በቃላቸው መሥራታቸውን አልተዉም። አንድ ዓረፍተ ነገር ጮክ ብለው ይሉና ያልገባው ሰው ካለ አፍርሰው እንደገና ይጀምራሉ።

የክፍሉ አለቃ፣ ካቦ የምንለው፣ የሚኒባስ ሹፌር ነበር። ጋደም ብሎ ያዳምጣቸዋል።

«ጋሼ፣ ይቺኛዋ ኩርባ በዛባት። መሃል ላይ ጠፋችብኝ።»

«እሺ፣ ቀጥ እናድርጋት» ይላሉ።

አንድ ጠዋት መርማሪው አስጠራቸው። ያቺን ገጽ ከትርጉሙ ካወጡ ረቂቁ ይመለስላቸዋል፤ እሳቸውም በዚያው ቀን ይፈታሉ። እስከ ከሰዓት ያስቡበት ተብለው ተመለሱ። ሲያስሉ ነበር ያደሩት።

«ይውጡ እንጂ ጋሼ» አለ ካቦው። «አንዲት ገጽ ናት። የጻፋት ሰውዬ እንደሆነ ድሮ ሞቷል፤ ማን ይከስዎታል?»

«ስለሞተ እኮ ነው። ቢኖር ራሱ ይከራከር ነበር።»

«ሳሉስ?» አልኳቸው።

«ሳሉማ የቆየ ጓደኛዬ ነው፤ ውጭም አይተወኝ።»

ሰዓቱ ሲደርስ ግድግዳውን ይዘው ተነሱ። የኮታቸውን አቧራ በመዳፋቸው አራገፉ፣ ቁልፎቹን እስከ ላይ ቆለፉ፣ ከጠባቂው ጋር ሄዱ። ብዙም ሳይቆዩ ተመለሱ። ካቦው ከመስኮቱ ስር የራሱን ፍራሽ ጎትቶ ወደ ባልዲው አመጣና የለቀቀላቸውን ቦታ በእጁ አሳያቸው። ሄደው ተቀመጡና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«የት ደርሰን ነበር?» አሉ።

እኔ ቀድሜያቸው ተፈታሁ። ረቂቁ ይመለስላቸው አይመለስላቸው አላውቅም። ዛሬም በባምቢስ በኩል ሳልፍ መጽሐፍ አዟሪ ካገኘሁ አስቆመዋለሁ።

«ምን ልስጥህ?» ይለኛል።

«የጥንት ፍልስፍና፣ በአማርኛ።»

ክምሩን ከክንዱ አውርዶ እስከ ታች ያገላብጣል። እስካሁን አላገኘልኝም። አመሰግነውና መንገዴን እቀጥላለሁ።