ጋራዥ የለመደች ውሻ

ጡረተኛው ፖስተኛ ዴልበርት አልጋና ምድጃ ያላትን ትልቅ መኪና የገዛው፣ ውሻውን ማፕልን እግሯ ሳይከዳት ባሕር ሊያሳያት ነበር። ከሚኖርበት ከነብራስካ እስከ ኦሪገን የባሕር ዳርቻ ቢበዛ የአራት ቀን መንገድ ነው። ዴልበርት ግን ሁለት ዓመት ፈጀበት። የመኪናዋ ጣሪያ አንዲት ጠብታ ካስገባ ጋራዥ፣ በሯ ላይ የሚዘረጋው የሸራ ዳስ ትንሽ ከተንሻፈፈ ጋራዥ! ባሕሩ ሠርግ የጠራው ይመስል፣ እንከን ያለባት መኪና ይዞ ፊቱ መቆም ነውር ሆነበት።

መንገድ ላይ፣ አይዳሆ ሲደርሱ፣ መካኒኩ ኦርቪል ትዕግሥቱ አለቀ። "ስማ ዴል፣ መኪናህ ከአንተ ትሻላለች። ሂድ በቃ! ውሻዋ እያረጀች ነው።"

"አንተ እጅህን አንቀሳቅስ፤ ምላስህን ማን ጠየቀህ?" አለና ዴልበርት ለአንድ ብሎን ሦስት ሳምንት ጠበቀ። ማፕልም እንደ ልማዷ መካኒኮቹ የሚወረውሩላትን ቋሊማ እየበላች ከረመች።

በመጨረሻ ባሕሩ ጋ ደረሱ። ዴልበርት በሩን በክብር ከፈተ። ማፕል ነፋሱን አሸተተችና ተመልሳ መኪናዋ ውስጥ ካለው ጠረጴዛ ሥር ተኛች። አቅፎ አሸዋው ላይ ቢያወርዳት እግሯ አልቆም አላት፤ ማዕበሉን ትታ መኪናዋን ታይ ጀመር።

ሲመለሱ ነዳጅ ሊቀዳ አንድ ጋራዥ አጠገብ ቆመ። የግራሶው ሽታ ሲደርሳት ማፕል እየተንቀጠቀጠች ተነሣች፤ ጭራዋን እየቆላች በሩን ቧጠጠች።

"ምን ተበላሸ፣ አባባ?" አለ መካኒኩ።

"መኪናዋ ደህና ናት" አለ ዴልበርት፣ ውሻዋን ቀና ብሎ ማየት አቅቶት። "ለእሷ ቋሊማ ቢጤ ካለህ ብዬ ነው።"