ሙስበሃው ላይ የጠመጠምኩት ገመድ

ባለፈው ሳምንት ወደ አገሬ መካነ ሰላም ስሄድ አቀስታ መናኸሪያ ላይ ሸህ ሰይድን አገኘኋቸው... የአባቴ የልብ ጓደኛ ናቸው። «ለገበያ መጥቼ ነው፣ አብረን እንግባ» አሉኝ። ደስ አለኝ።

አጎቴ «የመሬት ልኬት ደርሷል፣ ቶሎ ና» ብሎ ነው የጠራኝ። አባዬን ላናግር ስደውል ቤት ያሉት «መስጊድ ናቸው» አሉኝ፣ ደግሜ ስደውል «ስልካቸው ውሃ ገባበት»... እሺ ብዬ መንገድ ጀመርኩ።

ሚኒባሱ ውስጥ ሸህ ሰይድ «አዲስ አበባ ምንድን ነው የምታጠናው?» አሉኝ። እኔ ደግሞ ስለ ጥናቴ ከጠየቁኝ አፌ አይዘጋም! መቁጠሪያቸውን፣ ሙስበሃውን፣ ተቀበልኩና የጆሮ ማዳመጫዬን ገመድ ዙሪያውን ጠመጠምኩበት።

«በዚህ ገመድ ኤሌክትሪክ ቢያልፍ መግነጢሱ ቀለበቱ ውስጥ ለውስጥ ይዞራል። ውጭ ኮምፓስ ቢያስጠጉ ንቅንቅ አይልም። እኔ ክሪስታል ውስጥ የምፈልገው እንዲህ ያለውን ነው፤ ቶሮይዳል ዳይፖል ሞመንት ይሉታል።»

«ታዲያ መኖሩን በምን ታውቃላችሁ?»

«እሱ ነው መከራው! ትንሽ ፍንጭ ቢሰጥ እንኳ ሌላው ጎላ ያለው መግነጢስ ይሸፍነዋል። መሳሪያው ያንን ብቻ አይቶ ያርፋል።»

ገመዱን ከሙስበሃው ፈቱና ጋቢያቸውን ፊታቸው ድረስ ሳቡት። ብርድ መስሎኝ ጃኬቴን ደረብኩላቸው።

«አይ ልጄ... አንዳንዱስ ሳይታይ ቢቆይ ይሻላል» አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ስንደርስ «ዛሬ እኛ ዘንድ እደር» አሉኝ። ቤታችን እኮ እዚያው ሰፈር ነው! ማንም ሀበሻ እዚህ ጋ ይነቃ ነበር... እኔ የቀረበልኝን በልቼ ለጥ አልኩ።

ጎህ ሲቀድ፣ ከሱብሂ ሶላት መልስ፣ ሽማግሌዎች ተከታትለው ገቡ። አጎቴም አለ፣ ቀና ብሎ አላየኝም። የተናገሩት ሸህ ሰይድ ናቸው።

«ጀማል... አብሽር። አባትህ አኼራ ሄዷል። ጁምዓ ለት ቀበርነው።»

ጁምዓ ለት እኔ ላቦራቶሪ ውስጥ፣ ምንም በማይታይበት ስክሪን ላይ አፍጥጬ ነበር። ጮህኩ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን በደንብ አላስታውሰውም።

አልተቀየምኩም። መርዶ በኛ አገር እንዲህ ነው፤ መንገድ ላይ ብቻዬን እንዳልሰማ ብለው አቀስታ ድረስ ሰው ላኩልኝ። አንጀቴን የሚበላኝ ሌላ ነው... ሸህ ሰይድ የልብ ጓደኛቸውን በእጃቸው ቀብረው፣ ያንን ሁሉ ሐዘን ውጠው ነበር ጎኔ የተቀመጡት።

እኔ ደግሞ መንገዱን ሙሉ፣ የማይታየውን ነገር እንዴት እንደምፈልግ ሳስረዳቸው ነበር።