ሰው መጥራት የሚያውቅ ሰው

አንድ ሰው ኖሮ ኖሮ ሲያበቃ፣ ዕድሜው ተጠቅልሎ ስንት ይሆናል? ወጣት ሳለሁ ይህን በዩኒቨርሲቲ መጻሕፍት ውስጥ ፈልጌው ነበር። ዛሬ ሳስበው ግን ፊቴ የሚደቀነው ጎረቤቴ ኦይቫ ነው።

ኦይቫ በሐይቃችን ደሴቶች መካከል ሠላሳ አንድ ዓመት በጀልባ ፖስታ ሲያደርስ የኖረ ሰው ነበር። ሹመት የለው፣ ሀብት የለው። ችሎታው አንድ ብቻ ነበር፤ ሰው መጥራት። እኔም በዚህችው ችሎታው ስቀናበት አረጀሁ።

እኛ ዘንድ በየዓመቱ ሐይቁ በረዶ ከመሆኑ በፊት፣ ጀልባ የሚታሰርበት የእንጨት መድረክ ወደ ዳር መጎተት አለበት። የኦይቫ መድረክ የእኔን ግማሽ አያክልም፤ ሁለት ሰው ይበቃዋል። እሱ ግን አሥር ሰው ለደቦ ይጠራል፣ የአተር ሾርባ በትልቅ ድስት ይጥዳል። እኔ የራሴን ብቻዬን በመዘውር እጎትታለሁ። የሰው ፊት ከእሳት ይፈጃል ሲባል ያደግሁ ነኝ፤ ሰው አለማስቸገር ጨዋነት ይመስለኛል።

አንድ ዓመት ሚስቴ ሄልካ ከደቦው ጉንጯ ቀልቶ፣ እየሳቀች ገባች።

«ደግሞ ምን ተገኘ?» አልኳት።

«ኦይቫ ገመዱን እንደያዘ ውኃ ውስጥ ዘጭ! ብትመጣ ምን ነበረበት?»

«አልተጠራሁማ።»

«ውሸታም! እሱ በየዓመቱ ይጠራሃል። እሱን የማትጠራው አንተ ነህ።»

በሃያ ሰባት ዓመት ትዳር እንደዚያ አስቄያት አላውቅም።

በሌላ ዓመት ወገቤ ተያዘና መድረኩ ውኃው ላይ ቀረ። ክረምቱን በረዶው ሰባበረው። በረዶው ሲቀልጥ ኦይቫ መጥቶ ስብርባሪውን አየ።

«አንተ ሰውዬ፣ ስልክ የለህም?»

«ላስቸግርህ አልፈለግሁም።»

«እኔ ስንቴ አስቸገርኩህ! ለካ ባለጌ ነበርኩ በለኛ!»

አፉ ሳቀ፤ ዓይኑ ግን አልሳቀም።

አዲሱን መድረክ ከፊተኛው አክብጄ፣ ያለ ረዳት ሠራሁ። በዚያው ዓመት ኦይቫ ሳንባውን ታመመ። በኅዳር ቀበርነው፤ ሰዉ ቤተ ክርስቲያኑን ሞልቶ ደጅ ተረፈ። እዚያም ቆሜ፣ እዝጎ ይበለኝ፣ ሬሳውን ከበው የቆሙትን ስቆጥርበት ነበር።

ከመሞቱ ሁለት ሳምንት በፊት፣ አንድ ረቡዕ ጠዋት፣ መድረኬን ብቻዬን አወጣሁ። ከማዶ በመስኮቱ እንደሚያየኝ አውቃለሁ። እሱን ብጠራ አሥሩም ተከትለውት ይመጣሉ፤ በእኔ ዳርቻ የእሱ ደቦ ይሆናል፤ ሄልካም በእሱ ቀልድ ትስቃለች ብዬ ነው ያልጠራሁት።

ከዚያ ረቡዕ በፊት በነበረው እሑድ ግን ልጠይቀው ስሄድ፣ እጄን ይዞ ለምኖኝ ነበር።

«ዘንድሮ መድረክህን ስታወጣ ጥራኝ። ማንሳቱን እንኳ አልችልም። ወንበር ላይ አስቀምጠኝና አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ልበልልህ።»