የምራት እግር

ፈትለወርቅ የአማቷን እግር ማጠብ ከጀመረች ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗታል። ላሊበላ፣ ከገበያው በላይ ባለችው ቤት፣ ማታ ማታ እራት ሳይቀርብ ሳፋው ይመጣል። አማቷ ጋሽ ደሳለ ሱሪያቸውን ወደ ጉልበታቸው ይሰበስባሉ። እሷ የውሃውን ሙቀት በክርኗ ትሞክራለች፣ ታጥባለች፣ ታደርቃለች፣ ጉልበታቸውን ስማ ትነሳለች። "ተባረኪ" ይሏታል። ከዚህ ሌላ ቀኑን ሙሉ እምብዛም አይነጋገሩም።

ባሏ፣ የጋሽ ደሳለ አንድያ ልጅ፣ ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ልጅ አልወለዱም። ወገል ጤና ከተማ ያሉት ወንድሞቿ "ነይ፣ እዚያ ምን ቀረሽ?" ቢሏት "ሽማግሌውን ለማን ልተዋቸው?" ብላ ቀረች። ሽማግሌው በበኩላቸው ሂጂም አላሏት፣ ቆይም አላሏት። ከወይራ እንጨት የእጅ መስቀል እየጠረቡ ለመታሰቢያ ዕቃ ሻጮች ያስረክባሉ። ደግ ሰው ናቸው የሚለኝ ካለ አልከራከርም፤ ፊታቸው ግን አይናገርም። እሷ ሆቴል ወጥ ቤት ትሠራለች፤ ቆማ ውላ ቆማ ታመሻለች።

የእግሯ ነገር የጀመረው ካቻምና ነው። ቀን ደህና ትውልና ጋደም ስትል ውስጥ እግሯ ሚጥሚጣ እንደነካው ያቃጥላታል፤ ጣቶቿን መርፌ መርፌ ይላቸዋል። ብርድ ልብስ እንኳ ሲነካት ትራሷን ትነክሳለች። የላስታ ሌሊት ውርጭ ነው፤ እሷ ግን እግሯን አውጥታ የድንጋዩ ግድግዳ ላይ ለጥፋ ታድር ነበር። ጎረቤት መቼም መድኃኒት አያጣም፤ "ብርድ ነው፣ በትኩስ የጨው ውሃ ንከሪው" አሏት። ነከረችው። የሰው ውሃ ሃያ ምናምን ዓመት በክርኗ ስትሞክር የኖረች ሴት ለራሷ ሲሆን ሳትሞክር እግሯን ከተተችው። እግሯም ምንም አልነገራት። ጠዋት አውራ ጣቷ ውሃ ቋጥሮ ተገኘ።

ጤና ጣቢያ የተቀበለቻት ነርስ ትዝታ ትባላለች። ቃጠሎውን አይታ ዝም አላለችም፤ ደሟን መረመረች። ስኳር ነው።

"እናቴ፣ ስኳሩ የእግርዎን ነርቭ ጎድቶታል" አለቻት። "ማታ እሳት ሳይኖር ያቃጥልዎታል፤ እውነተኛው እሳት ሲመጣ ደግሞ አይነግርዎትም።"

ከዚያ የመኝታ ሰዓቱን ሥራ አስረዳቻት። ክኒኑ ከእራት በኋላ ይዋጣል። እግሩ ለብ ባለ ውሃ ይታጠባል እንጂ አይዘፈዘፍም፤ በጣቶቹ መሃል ሳይቀር በደንብ ይደርቃል። ቫዝሊን ተረከዝ ይቀባል፣ ጣት መሃል ግን አይገባም። ካልሲው የማያጠብቅ ይሁን። ብርድ ልብሱ እንዳይነካው እግር በኩል በርጩማ ይቁምና በሱ ላይ ይልበስ።

"ከሁሉም በላይ ግን ውስጥ እግርዎ ማታ ማታ ይታይ። ቁስል ሳይሰማዎት ከሰነበተ መጨረሻው ደሴ ተልኮ መቆረጥ ነው።"

"የኔ ዓይን ደክሟል።"

"የሚያይልዎት ሰው ቤት ውስጥ ማን አለ?"

ፈትለወርቅ አሰበች። "ማንም" አለች።

ዋሸች ብዬ አልፈርድባትም። እሷ ባደገችበት ወግ ምራት አማቷ ፊት እግሯን ዘርግታ አትቀመጥም፤ ስማቸውን እንኳ አትጠራም። ጎንበስ ብሎ የምራቱን እግር የሚያገላብጥ አማት እኔም ሰምቼ አላውቅ። ስለዚህ የቀረውን ሁሉ አደረገች። ክኒኑም በርጩማውም ሠሩላት፤ ማቃጠሉ ቀነሰ፣ እንቅልፍ ይወስዳት ጀመር። ውስጥ እግሯን በመስታወት ለማየት ሞክራ ጭጋግ ቢሆንባት ተወችው። "ካላመመኝ ደህና ነኝ" አለች። ስህተቷ ይኸው ነው።

አንድ ማክሰኞ ማታ የሽማግሌውን እግር አጥባ ሳፋውን ይዛ ስትነሳ፣ ጋሽ ደሳለ ወለሉን አዩ። በረገጠችበት ሁሉ ቀይ ነጥብ አለ።

"ቁጭ በይ።"

"ውሃውን ልድፋው፣ አባየ።"

"ቁጭ በይ አልሁ። እግርሽን ወዲህ በይ።"

"ኧረ በማርያም! ነውር ነው።"

"ነውሩን ለኔ ተይው። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማሽም?"

"ሰው ቢያይ ምን ይላል?"

"ሰው እግር አይሆንሽም!"

እንዲህ ሲቆጡ አይታቸው አታውቅም። ተቀመጠች፤ ካልሲዋን ራሳቸው አወለቁት። መስቀል ላይ ሐረግ ሲፈለፍሉ የኖሩ ዓይኖች ናቸው፤ ብዙ አልፈለጉም። ከማተባቸው ጋር አንገታቸው ላይ የምትንጠለጠለውን ወረንጦ አወጡ። ፈትለወርቅ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ጥርሷን ነክሳ ጠበቀች። ብዙ ጠበቀች።

"ምንድን ነው፣ አባየ?"

"እሾህ።"

"ታዲያ አይነቅሉትም?"

"ነቅየዋለሁ እኮ።"

ነጠላዋን ገለጠች። የጣት አንጓ የሚያህል የግራር እሾህ መዳፋቸው ላይ ተጋድሟል። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ጫማዋን አውልቃ ግቢውን ስትዞር የገባ መሆን አለበት፤ ሁለት ቀን ሙሉ ወጥ ቤት ቆማበታለች። ያን ጊዜ ነው የፈራችው። እነዚያ ሁሉ የቃጠሎ ሌሊቶች እንዲህ አላስፈሯትም ነበር።

በማግስቱ ሁለቱም ጤና ጣቢያ ሄዱ፤ ትዝታ ቁስሉን አጸዳች፤ ትንሿ ጣት ሥር ነበር፣ መመረዝ ጀምሯል። ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ሰጠቻትና "ጣቷ ትዳን ወይም ትቆረጥ ገና አናውቅም፤ በየማታው የምታዩትን ንገሩኝ" አለች። ቁስሉ ለመድረቅ ስድስት ሳምንት ፈጀ።

ከዚያ ወዲህ ሳፋው ሁለት ጊዜ ይቀርባል። አስቀድሞ የሳቸው እግር ይታጠባል፤ በዚህ ፈትለወርቅ ንቅንቅ አላለችም። ቀጥሎ የሷ። መንደሩ "ደሳለ ጃጀ" ብሎ ጥቂት ሰነበተና ሰለቸው።

የመጀመሪያው ማታ ግን አልቅሳለች።

"ምን ያስለቅስሻል?" አሏት፣ ቀና ሳይሉ።

"እግሬን ሰው ሲያጥብልኝ የመጀመሪያየ ነው" አለች። "እጅዎ ደግሞ አይሰማኝም፣ አባየ። ይዘውኝ ይሁን ትተውኝ አላውቅም።"



"እንግዲያስ እነግርሻለሁ" አሉ። "አሁን ተረከዝሽን ይዣለሁ። አሁን አውራ ጣትሽ ጋ ነኝ። ይች ሁለተኛዋ። ይች ሦስተኛዋ። አሁን ትንሿ ጋ ደረስሁ። ይችውና አለች፣ አይዞሽ።"