አልወርድ ያለው አልካላይኒቲ

ሥራዬ ላቦራቶሪ ስለሆነ አንድን ውጤት ሳላስደግም አላምንም። ቤትም ስገባ ጠባዬ ያው ነው። ባሌ «አንቺ እኮ ጥላሽንም ትጠረጥሪያለሽ» ይለኛል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ እለዋለሁ።

አዘዞ ባለው ቤታችን፣ ሳሎኑ ጥግ ላይ፣ ሰማያዊ መብራት የሚበራለት የጨው ውሃ ገንዳ አለኝ። ውስጡ ያለው ኮራል ነው፤ ድንጋይ ይመስላል እንጂ በሕይወት ያለ የባሕር እንስሳ ነው። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን፣ ጭኔ ላይ አስቀምጬ ነው ያመጣሁት። ኮራል አጥንቱን የሚሠራው ከውሃው እየመጠጠ ስለሆነ፣ አልካላይኒቲ የሚሉት፣ ውሃው አሲድን የሚቋቋምበት አቅም፣ በየቀኑ ይወርዳል። እኔም ጧት ጧት፣ ልኬቱ እንዳይምታታብኝ ከማንም ሳልነጋገር፣ ከዚሁ ከፒያሳ የምገዛውን ቤኪንግ ሶዳ በጥብጬ በሲሪንጅ እጨምርለታለሁ። ካነሰው ይከሳል፤ ከበዛበት ደግሞ ጫፉ ተቃጥሎ ይሞታል።

የባሌ አባት ለዓይን ሞራ ሕክምና ከዳባት መጥተው እኛ ዘንድ ያረፉ ሰሞን፣ የአልካላይኒቲው ቁጥር አልወርድ አለ። መጀመሪያ የመለኪያውን የኬሚካል ጠብታ ጠረጠርኩ፤ አዲስ ከፈትኩ፣ ያው ነው። ቀጥሎ ባለሱቁ ሌላ ነገር ሸጦልኛል ብዬ ሶዳውን ጨርሶ አቆምኩ። ቁጥሩ ጭራሽ ወጣ። በየቀኑ በትነት የሚጎድለው ውሃም መጉደሉን ተወ። ውሃ ራሱን በራሱ አይሞላም።

ያኔ ሽማግሌውን ጠረጠርኩ። እውነቱን ለመናገር ገና በር ሲገቡ ነው የጠረጠርኳቸው። ከተጋባን ዓመታት አልፈዋል፣ ልጅ ግን የለንም። የባሌ እናትና አክስቶቹ ሌላ ሴት እያጩለት እንደሆነ ወሬው ደርሶኛል። ሰውዬው ዓይናቸውን ሊታከሙ ሳይሆን ትዳሬን ሊያፈርሱ የተላኩ መሰለኝ። ስልክ ሲያወሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ እኔ ስገባ ወሬውን ወደ ዝናብ ያዞሩታል። የልጁ ነገር ችግሩ ከባሌ መሆኑን ከሁለታችን በቀር የሚያውቅ የለም። ውጤቱን ያስደገምኩት እኔው ነኝ። ለማንም እንዳልተነፍስ በማርያም አስምሎኛል።

አንድ ጧት ወደ ሥራ የሄድኩ መስዬ ወጣሁና ከውጭው በር ተመለስኩ። ሽማግሌው ገንዳው አጠገብ ቆመው፣ እያማተቡ፣ ለዓይናቸው ካመጡት ጀሪካን ጠበል ይጨምራሉ። ያን ጠበል ቀምሼዋለሁ፤ ማዕድን የበዛበት፣ ምላስ የሚቆነጥጥ የምንጭ ውሃ ነው። ቁጥሩ ለምን እንደወጣ ገባኝ።

«ምነው አባባ? ምን እያደረጉ ነው?» አልኳቸው። ደሜ ፈልቷል።

አልደነገጡም። «ልጄ፣ ገና ሰው ሳታናግሪ ነጭ ዱቄት በጥብጠሽ ታጠጭዋለሽ። ሰማያዊ መብራት አብርተሽለታል። ይኸ ነገር ሸጋ አይደለም። ልጅ የከለከላችሁ እሱ ነው።»

«ታዲያ ለምን አይነግሩኝም?»

«ብነግርሽ እሱም ይሰማል።»

ሳቄ መጣ። እንስሳ ነው፣ ዱቄቱም ሶዳ ነው ብዬ ላስረዳቸው አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።

«እነዚያ ሴቶች ካልፈታት ብለው ይዘውኛል። እኔ ነኝ እንቢ ያልሁ። ልጅቱ ምንም የላት፣ ቤቱ ውስጥ ያለው ነገር ነው ብያቸዋለሁ። እንግዲህ እሱ ካልሆነ…» ብለው ሞራ በሸፈነው ዓይናቸው ወደ እኔ አዩ።

ቀና ስል ባሌ የመኝታ ቤቱ በር ላይ ቆሟል። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመ አላውቅም። ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ሰው ነው፤ ገንዳው ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ ያውቃል፣ ቁጥሩ እየወጣ ከቀጠለ ኮራሎቼ እንደሚያልቁም ነግሬዋለሁ፤ ችግሩ የማን እንደሆነ ደግሞ ከማንም በላይ ያውቃል። አንድ ቃል ይናገራል ብዬ ጠበቅኩት።

«እኔም ሳልጠረጥረው አልቀረሁም፣ አባዬ» አለ። «ይጨምሩበት።»

በሽማግሌው ላይ የነበረኝ ንዴት ወዲያው ለቀቀኝ፤ ሄዶ ያረፈው ሌላ ሰው ላይ ነው። መሐላዬን ግን አላፈረስኩም። ጀሪካኑን ከእጃቸው ተቀብዬ የቀረውን ራሴ ገንዳው ውስጥ ገለበጥኩት። ሽማግሌው እጃቸውን ጭንቅላቴ ላይ ጭነው «ወንድ ልጅ ይስጥሽ» ብለው መረቁኝ።

እኔ አፌን ሳልከፍት ባሌ «አሜን» አለ።