ልጃቸው ትታው የሄደችው ድስት

ሰፈርተኛው «ጋሽ ዝምታ» የሚላቸው ለሽሙጥ ነበር። ጸጉር አስተካካይ ናቸው፤ የደንበኛው ጸጉር አልቆ እንኳ ወሬያቸው አያልቅም። አንድያ ልጃቸው ሥራ አግኝታ ሩቅ ከተማ ከሄደች ወዲህ ግን ከሱቃቸው የሚሰማው የመቀሱ ድምፅ ብቻ ሆነ።

እናቷ ካረፉ ጀምሮ ቤቱን የያዘችው እሷ ነበረች። እሁድ እሁድ የዶሮ ደረት ፕሬሸር ኩከር በሚሉት፣ እያፏጨ በእንፋሎት በሚያበስል ድስት ታበስልና በሹካ ዘነጣጥላ፣ ባርቤኪው በሚባል ጣፋጭ ሶስ ለውሳ፣ በዳቦ ታቀርብላቸው ነበር። ስትሄድ ድስቱን ትታላቸው ነበር። እሳቸው ግን «ይሄ ድስት ነው ቦምብ?» እያሉ አይነኩትም።

አንድ እሁድ ናፍቆቱ ቢብስባቸው ደወሉላት።

«አባዬ፣ ምነው? ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ። ያቺን ዶሮ እንዴት ነበር የምትሠሪያት?»

ሳቀች። «አንተ? ድስቱን ልትነካው?»

«የፈራ ይመለስ ብያለሁ!»

ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርገው ከምድጃው አጠገብ አስቀመጡት። እሷ እንደነገረቻቸው ሽንኩርቱን ከሥር፣ ዶሮውን ከላይ፤ ጨው፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ትንሽ ውሃ። ክዳኑን ቀጭ እስኪል አዞሩት። ድስቱ ማፏጨት ሲጀምር በሩ ድረስ ሸሹ።

«ሸሸህ አይደል?»

«የት አየሽኝ?»

«ኮቴህን ሰማሁት።»

እንፋሎቱ ወጥቶ እስኪያልቅ ጠብቀው ከፈቱት። ሥጋው ሹካ ሲነካው እንደ ክር ተበተነ። ለሶሱ ካችአፕ፣ ኮምጣጤና ስኳር አዋህደው ጨመሩበት፤ እስኪወፍር አማሰሉት።

«ወፈረልኝ! ትሰሚኛለሽ?»

«ቅድም ፉጨቱን ስሰማ ቤት ያለሁ መሰለኝ። እዚህ እኮ ብቻዬን ነው የምበላው፣ አባዬ።»

«እኔስ?» የሚለው ቃል አፋቸው ድረስ ቢመጣም ዋጡት።

«በይ እንግዲህ፣ አብረን እንብላ። ምን አለሽ?»

«የትናንት ሩዝ።»

«አሙቂውና ነይ።»

እሳቸው ሶሱ በጣታቸው እየወረደ፣ እሷ ሳህኗን በማንኪያ እያንኳኳች በሉ። ስኳሩ በዝቷል፤ አልነገሯትም።

«ካንቺ እጅ አይተናነስም» አሉ።

«ውሸታም!» አለች። እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አልለዩትም።

ስልኩ ሲዘጋ ቤቱ ጭር አለባቸው። ዶሮው ገና ግማሹ አልተነካም። በሳህን አድርገው፣ ዳቦ ጨምረው፣ ጎረቤታቸው ጫማ ሰፊው ዘንድ ወሰዱት። ሽታው ከሳህኑ ቀድሞ ደርሶ ኖሮ፣ ሰውየው ፊቱ በርቶ ብድግ አለ።

«እሰይ! ልጅቷ መጣች እንዴ?»

ጋሽ ዝምታ ሳህኑን አስቀመጡለትና በርጩማ ስበው ፊት ለፊቱ ተቀመጡ።

«አልመጣችም። ብላ፤ እንዴት እንደሠራሁት ላውራህ» አሉት።