የተነከሰው ጣት

ስልኩ የተደወለልኝ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ሥራ ላይ ሳለሁ ነው። የልጄ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት ነበረች።

«ልጅሽ አንድ ተማሪ ነክሳለች፤ ደምቷል። አሁኑኑ ነይ» አለችኝ።

እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ዘጠናዎቹ ገና መግባታቸው ነበር። ራሳቸውን ተላጭተው፣ ከባድ ቦት ጫማ ተጫምተው በየባቡር ጣቢያው የሚቆሙ፣ ስደተኛ የሚጠሉ ጎረምሶች በዝተው ነበር። እዚያው ስዊድን ውስጥ፣ እንደኛ ያለ ስደተኛ ከሚበዛበት ከአልቢ ሰፈር ወደ ፋርስታ የተዛወርነው በባለቤቴ ሥራ ምክንያት ነው። ልጃችን አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር፤ በክፍሏ ውስጥ ጥቁር እሷ ብቻ ነበረች።

ስደርስ የተነከሰው ልጅ ነርሷ ዘንድ አልጋ ላይ ተቀምጦ ጣቱ በፋሻ ይጠቀለልለታል። ልጄ ኮሪደሩ ወለል ላይ ብቻዋን ተቀምጣለች። ከንፈሯ ተሰንጥቋል። ከጆሮዋ በላይ ሹሩባዋ ከነሥሩ ተነቅሎ ደም ያዘለ ቆዳ ይታያል። የተነቀለውን ጸጉር በእጇ ጨብጣዋለች። ውኃ እንኳ የሰጣት አልነበረም።

«ማነው እንዲህ ያደረገሽ?» አልኳት።

እንደ ልማዷ በስዊድንኛ መለሰችልኝ። ሦስት ወንዶች ሆነው ጭንቅላቷን ኮሪደሩ ላይ ካለው የተማሪዎች ብረት ቁም ሳጥን ጋር አጋጭተዋታል። አንዱ ሆዷን በጉልበቱ ሲመታት ሌላው አፏን አፈናት። መተንፈስ ሲያቅታት ያፈናትን እጅ ነከሰች።

ርእሰ መምህርቷ «የልጆች ጠብ ነው፤ መንከስ ግን አንፈቅድም» ብላ ልጄን ከትምህርት አገደቻት። ወንዶቹን መክራ ለቀቀቻቸው።

ባለቤቴ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ሲቆጣ አይቼው አላውቅም ነበር። የልጃችንን ራስ አጥቦ ጨረሰ። «ወላጆችና አስተማሪዎች አንድ ላይ ይቀመጡ። በሁሉም ፊት ትናገር» አለ። ደጋግመን ደጅ ከጠናን በኋላ ተፈቀደልን።

ስብሰባው የምግብ አዳራሹ ውስጥ ነበር። ልጄ ገና አፏን ስትከፍት የተነከሰው ልጅ አባት ብድግ አለ።

«ልጄን የነከሰው አውሬ ነው። ካልተመቻቸው ወደ መጡበት ይመለሱ።»

ባለቤቴ መቼ ጠረጴዛውን እንደተሻገረ አላየሁም። የሰውየውን ኮሌታ አንቆ ግድግዳው ላይ አጣበቀው። ሰውየው በቡጢ አፍንጫውን ሲለው አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁት። ተያይዘው ወደቁ፤ ወንበሮች ተገለባበጡ። ሰው ተረባርቦ ሲያላቅቃቸው የባለቤቴ ነጭ ሸሚዝ በደም ርሶ ነበር።

ርእሰ መምህርቷ ስብሰባው አብቅቷል ስትል የልጄ የሒሳብ አስተማሪ፣ ጡረታዋ የተቃረበ ቀጭን ሴት፣ ሄዳ በሩ ላይ ቆመች።

«ልጅቷ ስትጮኽ ሰምቻለሁ» አለች። «በሩን ከፍቼ ሲደበድቧት አየሁ። ፈራሁና መልሼ ዘጋሁት።»

«ይህ አሁን የሚነሣ ነገር አይደለም» አለች ርእሰ መምህርቷ።

«በማግስቱ ነግሬሽ ነበር። የትምህርት ቤቱ ስም እንዳይጠፋ ዝም በይ ያልሽኝ አንቺ ነሽ።»

ባለቤቴ አፍንጫውን በመሐረብ እንደያዘ ወደ ሰውየው ዞረ። «እጄን ማንሣት አልነበረብኝም፤ ይቅርታ» አለው። «አሁን ልጄ ትጨርስ።» ሰውየው አዳራሹን ጥሎ ወጣ። ልጄ ግን ቆማ ጨረሰች። ምግቧ ውስጥ ሲተፉባት፣ ደረጃ ላይ ሲገፈትሯት መክረማቸውን አንድ በአንድ ተናገረች። እኔ ይህን ሁሉ የሰማሁት ያን ዕለት ነው።

እገዳው ተነሣላት። ከዚያ ወዲህ አስተማሪዎችና ወላጆች በዕረፍት ሰዓት በየተራ ኮሪደሩ ላይ ቆምን፤ በየወሩም እየተገናኘን ተጨቃጨቅን። ሌሎቹ ሁለት ልጆች ከእናቶቻቸው ጋር መጥተው ይቅርታ ጠየቁ። ሦስተኛው፣ የተነከሰው፣ ትምህርት ቤቱን ለቀቀ።

በጸደይ፣ ያ ልጅ ከጓደኞቹ ጋር ጣቢያው በር ላይ ልጄን ጠበቃት። ያን ጊዜ የሒሳብ አስተማሪዋ እስከ ባቡሩ ትሸኛት ነበር። የወረወሩት ጠርሙስ የልጄን ቅንድብ ሰነጠቀው። አሮጊቷ በመካከላቸው ገብታ ልጄን በገላዋ ሸፈነቻት፤ መሬት ላይ ጥለው በቦት ረገጧት። የጎድን አጥንቷ ተሰብሮ እኔ የምሠራበት ሆስፒታል ገባች። በኋላ ፍርድ ቤት ቀርባ መሰከረችባቸው፤ ተፈረደባቸውም።

«ወደ አልቢ እንመለስ» አልኳት ልጄን።

«አልሄድም» አለችኝ፤ ይህን ግን በአማርኛ ነው የመለሰችልኝ። «ትምህርት ቤቴ ነው።»

በመከር ወቅት በርእሰ መምህርቷ ምትክ አዲስ ርእሰ መምህር መጣ፤ የመጀመሪያውን የወላጆችና የአስተማሪዎች ስብሰባ እንዲከፍት ባለቤቴን ጠየቀው። ሰው አዳራሹን ሞላው። ብዙ ጩኸት ነበር፤ ማንም ግን በማንም ላይ እጁን አላነሣም።